ሎልን መጀመሪያ የጻፈው

ራስል ፔነር በከተማዋ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ቆሞ «ዛሬ ዓለም ሁሉ በስልኩ የሚጽፋትን ‹ሎል› መጀመሪያ የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ ከሎርን ጋር ስናወራ ድንገት መጣችልኝ» ሲል፣ ከኋላ የተቀመጠችው ዶሪን ደሟ ፈላ። ቃሏ የሟች ወንድሟ የሎርን ናት። ራስል ይህን ሲያስወራ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ዛሬ ይባስ ብሎ ማስረጃ ይዞ መጣ።

ማስረጃው ጠርዙ የተበሳሳ፣ ቀኑ የታተመበት የሰማንያዎቹ ወረቀት ነው። ያኔ ራስል ምድር ቤት ያለውን ኮምፒውተሩን ከስልኩ ጋር አገናኝቶ፣ የደወለለትን ሁሉ በጽሑፍ ያዋራ ነበር። መስመሩ አንድ ስለሆነ የሚገናኙት ደዋዩና እሱ ብቻ ናቸው፤ ወረቀቱ ላይም የሁለቱም ጽሑፍ ያለ ስም ተከታትሎ ታትሟል። ራስል ያመጣው ስም ስለሌለበት ማን ይጠይቀኛል ብሎ ይሆናል። ሎርን ደግሞ በሥራ አደጋ ድምፁን ካጣ ወዲህ ሳቁ እንኳ አይሰማም ነበር። «ጮክ ብዬ ሳቅኩ» የሚለውን እንግሊዝኛ ‹ሎል› ብሎ ያሳጠረው ለዚህ ነው። ከሞተ ሰው ላይ ይህን መስረቅ ምን የሚሉት ነውር ነው?

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዶሪን ጋ ደረሰ። አንብባ ተነሳች።

«ራስል፣ ከሎል በላይ ያለውን መስመር አንብብልን እስቲ።»

«ምን ያደርጋል አሁን እሱ?»

«እኔ ላንብብልህ። ‹አማቴ ዛሬም መጣች፤ ውሻው እንኳ አልጋ ሥር ገባ።›»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከፊት የተቀመጠችው የራስል ሚስት ቤቭ ግን አልሳቀችም።

«ሎርን ሳያገባ ነው የሞተው፤ አማት ከየት ያመጣል?» አለች ዶሪን። «ቀልዱ ያንተ ነው። ታዲያ የሳቀው ማነው?»

«ሰው በራሱ ቀልድ አይስቅም እንዴ?»

ቤቭ ዞር ብላ አየችው። «በእናቴ ቀልደህ፣ ራስህ ደግሞ ሳቅክባት?»

ራስልን ላብ አጠመቀው። «ኧረ እኔ አልሳቅኩም» አለ አንገቱን ደፍቶ በሹክሹክታ። «ሎርን ነው የጻፋት።»

ዶሪን ደስ ይለኛል ብላ ነበር። ደስታ የለም፤ ንዴቷ አልበረደላትም።

«አልተሰማም!» ብላ ጮኸችበት። «ሃያ ዓመት ስትዋሽ እንዲህ ነበር የምታንሾካሹከው? ቀና በልና ስሙን ጮክ ብለህ ጥራ!»