የእህቷ አሥራ አንድ መልሶች

“ትልቁ ድክመትሽ ምንድን ነው?” አሉ የሰው ኃይል ኃላፊው።

“ይሄ ሦስተኛው ጥያቄ ነው” አለች ሥራ ፈላጊዋ። “መጀመሪያ ‘ራስሽን አስተዋውቂ’ ነው የሚባለው።”

ኃላፊው ብዕራቸውን አስቀመጡ። አጠገባቸው ቱታ ለብሰው የተቀመጡት የጥገና ሹም ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር ነው፤ ኃላፊው ክንዳቸውን ባሳረፉ ቁጥር ቋ ይላል። ከገባች ጀምሮ ከጥያቄው ይልቅ የሚሰማት እሱ ነው።

ጥፋቱ የታላቅ እህቷ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ የባሏን መነጽር አድርጋ፣ እንደ ቀጣሪ እየተኮሳተረች፣ አሥራ አንድ ጥያቄ ከነመልሱ በተራ በተራ አስጠንታታለች።

“ዓይኑን ማየት ካቃተሽ ቅንድቡን እይ። ድክመትሽን ሲጠይቅሽ ‘ሥራ አበዛለሁ’ በይ።”

“ውሸት ነው እኮ፣ እትዬ።”

“ሁሉም ይዋሻል። አንቺ ብቻ ጻድቅ ልትሆኚ ነው?”

በአጎቷ ሱቅ ዘጠኝ ዓመት የልብስ ስፌት መኪና ጠግናለች። አጎቷ አርጅተው ሱቁን ከዘጉ ወዲህ ስድስት የልብስ ፋብሪካ ሞክራ፣ ከስድስቱም አንድ ብሎን ሳትነካ ተሸኝታለች። የእጅ ፈተና የሚሰጠው ቃለ መጠይቁን ላለፈ ብቻ ነዋ! እዩት ይህን ጥበብ። ብሎን የሚፈታ ሰው ፈልገው ምላስ ይመዝናሉ፤ እጅ ጨብጦ ፈገግ ያለውን ይቀጥሩና መኪናው ሲቆም ባለሙያ ጠፋ ብለው ያለቅሳሉ። ይህኛውም ካልተሳካ ከሰኞ ጀምሮ በእህቷ ባል ሱቅ ከባንኮኒ ጀርባ ቆማ፣ ለገባ ለወጣው ሁሉ “ምን ልታዘዝ?” ስትል ልትውል ነው። ከዚያ ይልቅ ድንጋይ ብትፈልጥ ትመርጣለች።

“ካልገባሽ ልድገምልሽ” አሉ ኃላፊው፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ድምፃቸውን አለስልሰው።

ጠረጴዛው ቋ አለ።

“ገብቶኛል” አለች። “ኦቲዝም አለብኝ። ፊት ለፊት ተቀምጬ ስጠየቅ መልሱ አፌ ላይ አይመጣልኝም። ድክመቴ ይሄ ነው። መኪና ስጡኝና ጠይቁኝ።”

“እሱ ይህን ካለፍሽ በኋላ ነው። አሠራር አለን።”

“ጌታው” አሉ የጥገና ሹሙ፣ “ባለፈው በአሠራራችን የቀጠርነው ልጅ ምላሱ ቅቤ ነበር። መርፌ መቀየር ግን አያውቅም። ተናጋሪ አልጎደለኝም፤ እርስዎ አሉልኝ።” ተነሡ። “ነይ፣ ልጄ።”

በጥገና ክፍሉ የጠበቀቻት መኪና ስፌት ትዘላለች፤ ሹሙ ለፈተና ብለው ያበላሿት ናት። እጇ ብረቱን ሲነካ ትከሻዋ ወረደ። የመኪናዋን መዘውር ቀስ አድርጋ አዙራ ጆሮዋን አስጠጋች።

“እኛ ጋ መሥራት ለምን ፈለግሽ?” አሉ ከኋላዋ የቆሙት ኃላፊ።

“መኪና ስለሞላችሁ” አለች ዞር ሳትል። “በስፌት አዳራሹ ሳልፍ አራቱ ታመው ሰምቻለሁ።”

ሹሙ ሰዓታቸውን አዩ። “ሁለት ነገር ነው ያበላሸሁባት።”

“ሦስት ነው። መርፌዋ በግልባጭ ገብታለች። የክር መወጠሪያው ላልቷል። ይሄ ደግሞ ከሥር ተቀርቅሮ ነበር።” የተሰበረ የመርፌ ጫፍ በወረንጦ አውጥታ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው።

“ይሄስ የኔ አይደለም።”

“የማን ነው ታዲያ?” አሉ ኃላፊው።

“የምላሰ ቅቤው” አሉ ሹሙ።

ሁሉንም አስተካክላ፣ ቁራጭ ጨርቅ አስገብታ ፔዳሉን ረገጠች። ስፌቱ አንድም ሳይዘል እስከ ጫፍ ወጣ። ሹሙ ጨርቁን አንሥተው ለኃላፊው ሰጧቸው።

ቢሮ ሲመለሱ የቅጥር ቅጹን ፈረመች።

“እንግዲህ ሰኞ” አሉ ኃላፊው፣ ጠረጴዛው ላይ እየተደገፉ።

ቋ።

ከኪሷ የእህቷን ወረቀት አወጣች። አሥራ አንዱን መልስ አጣጥፋ፣ ተንበርክካ ከአጭሩ እግር ሥር ሸጎጠቻቸው።

“አሁን ይደገፉ” አለች።

ኃላፊው ፈራ ተባ እያሉ ክንዳቸውን አሳረፉ። ጠረጴዛው ትንፍሽ አላለም።