በድምፅ ማጉያ የተጠራ ስም

ድምፅ ማጉያው "ኢትዮጵያ ትቅደም!" ሲል የይታይሽ ጀርባ እንደ ደጋን ጎብጦ ከአልጋው ተነሣ። ተማሪ ነርሷ ፅጌ ሮጣ ራሷን ወደ ጎን ያዘችላት፤ ምራቋ እንዳያንቃት በጨርቅ ጠረገችላት። ጥርሷ ሲፋጭ ክፍሉ ውስጥ ይሰማል።

ፅጌ ከጎንደር ለተግባር ልምምድ ንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ መጥታ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከተመደበች ገና ጥቂት ሳምንቷ ነው። ይታይሽ ደግሞ የስማዳ ገበሬ ልጅ ናት፤ አረም ላይ ሳለች እሾህ እግሯን ወጋት፣ ቁስሉ ሳይሽር መንጋጋ ቆልፍ ያዛት። አባቷ አቶ ወልደ ማርያም ከጎረቤት ጋር በቃሬዛ ተሸክመው አመጧት። ለዚህ በሽታ ጸጥታ ከመድኃኒት አያንስም። ኮሽታ በሰማች ቁጥር ሰውነቷ ይገተራል፣ ትንፋሿ ይቆማል። ፅጌ ይህን ካስረዳቻቸው ወዲህ ሽማግሌው ማሳል እንኳ ሲመጣባቸው ወደ ውጭ ይወጣሉ።

ዛሬ ግን የአብዮት በዓል ነው፤ አደባባዩም ከአጥሩ ማዶ።

"የጤና ተማሪዋ ጓድ ፅጌ አዳነ! በአስቸኳይ ወደ ሰልፉ!"

ይታይሽ እንደገና ተገተረች። ከንፈሯ ጠቆረ።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አማረች በሩን በቀስታ ገፋ አድርጋ ገባች።

"መፈክር የምታሰሚው አንቺ ነሽ። እስክትሄጂ መጥራታቸውን አይተዉም" አለች በሹክሹክታ።

"ድምፁን እንዲቀንሱት ንገሪያቸው፣ ሲስተር!"

"ነገርኳቸው። ካድሬው 'አብዮት በሹክሹክታ ይከበራል ወይ?' አለኝ። ሌላ ቃል ብጨምር ነገ እዚህ አታገኚኝም።"

"የማስታገሻው መርፌስ?"

"ጠዋት የወጋናት የመጨረሻው ነው።" ምጥ የያዛት ሴት እየጠበቀቻት ስለነበር ፈጥና ወጣች።

"ጓድ ፅጌ አዳነ!"

ልጅቱ ተንቀጠቀጠች። አቶ ወልደ ማርያም ከእግሯ ሥር ቀና አሉ።

"ልጄ፣ ያ የሚጠሩት ያንቺን ስም ነው?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ብትሄጂ ይተዋሉ?"

"ስሜን መጥራቱን ይተዋሉ።"

"እንግዲያ ሂጂላት።"

ፅጌ ሻካራ እጃቸውን ይዛ የልጃቸው ጉንጭ ላይ አስቀመጠችው። "ሲነሣባት እንዲህ ወደ ጎን ያድርጓት። ጣትዎን አፏ ውስጥ እንዳያስገቡ።" እንደ ሌባ በጫማዋ ጫፍ እየረገጠች ወጣች።

አደባባይ ላይ ማይክሮፎኑን ሰጧት። ያን ጊዜ ነው የገባት፤ አሁን ወደዚያ ክፍል የሚደርሰው የእሷው ድምፅ ነው። መፈክሩን እንደ ጸሎት ዝቅ አድርጋ አነበነበች።

"ጮክ በይ እንጂ፣ ጓድ! አሞሻል?" አለ ካድሬው ከኋላዋ።

ፅጌ የጤና ጣቢያውን ቆርቆሮ ጣሪያ አየች። የካድሬውን ፊት አየች። ግራ እጇን አንሥታ ጮኸች። ሰልፈኛው ተቀብሎ አስተጋባ፤ ደግማ ጮኸች።

ስትመለስ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። አቶ ወልደ ማርያም የልጃቸውን ራስ፣ እንዳሳየቻቸው፣ ወደ ጎን እንደያዙ ናቸው። ይታይሽ ቀዝቅዛለች።

"መጀመሪያ ጋብ ብሎላት ነበር" አሉ በሹክሹክታ። "ኋላ አንዲት ሴት መጮህ ስትጀምር..." ፅጌም ያቺ ሴት ማን እንደሆነች አልተናገረችም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀዋል። ትከሻቸው ብቻ ይርገፈገፋል።

"አሁንስ ማልቀስ ይፈቀድልኛል?"

ሲስተር አማረች ከደጅ ሆና በጭንቀት ራሷን ነቀነቀች፤ "ካድሬዎቹ አልተበተኑም፣ በበዓሉ ቀን ዋይታ..."

ፅጌ ተነሥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

"ያልቅሱ፣ አባባ" አለች። "ጮኸው ያልቅሱ።"