ቁጥሩን ይዞ የመጣው ሰው

የቤልሞር መኪና ፋብሪካ ዲትሮይት ላይ ተዘግቶ ሲቀር፣ መዝገቦቹን አንድ አነስተኛ የታሪክ ማኅበር ተረከበ። እኔ ዋንዳ ብሩም የመዝገቦቹ ጠባቂ ሆኜ ሃያ አንድ ዓመት ሠራሁ። ፋብሪካው ለሠራው ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ካርድ አለ። የሻንሲው ቁጥር፣ ቀለሙ፣ ሞተሩ፣ የተሠራበት ቀን፣ መጀመሪያ የገዛው ሰው ስም ተጽፎበታል። አሮጌ መኪና የሚያድሱ ሰዎች ከየአገሩ ይጽፉልኛል። አንዱ መኪናው ሲሠራ ቀይ እንደነበር ስነግረው ደስታ ያስለቅሰዋል፤ ሌላው ሞተሩ ተቀይሯል ስለው ይሰድበኛል።

ስለ አንድ ካርድ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ፈልጌ አገኘሁትና ጠርዙ ላይ በቀይ እርሳስ ምልክት አደረግሁበት። የወንድሜ የስታንሊ፣ እኛ ስታሽ የምንለው፣ መኪና ካርድ ነበር። ስታሽ ኖቬምበር 1973 የአጋዘን አደን ሲከፈት ብርቱካናማ ቤልሞሩን አስነስቶ ወደ ሰሜን ሄደ። እሱ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ ስድስት። ከዚያ በኋላ እሱንም መኪናውንም ያየ የለም። እናቴ እስክትሞት ድረስ የውጭውን በር ቆልፋ አታውቅም።

የመኪናውን ቁጥር በቃሌ ይዤው ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰው ይህን ቁጥር ይዞ ይመጣል እያልኩ ነው በዚያች ደሞዝ የቆየሁት። ሲመጣ ምን እንደማደርግ ግን አንድም ቀን አላሰብኩበትም።

የመጣው በማርች 2008፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ባልደረባዬ ዶሪን ጥርሷን ልትታከም ሄዳ ብቻዬን ነበርኩ። ስድሳ አምስት የሚያልፈው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጣቶቹ ወፋፍራም ሰውዬ ገባና ከፊቴ ተቀመጠ። የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ።

“ልጄ መኪናውን ሊሸጠው ነው። ገዢው የፋብሪካ ማስረጃ ካላየሁ አለ። ምን ዓይነት ጣጣ ነው እመቤት? መኪናው እዚያ ተገትሮ እየታየ!”

ቁጥሩን አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። የስታሽ መኪና ቁጥር ነበር።

“መኪናው የት ነው ያለው?” አልኩት።

“ጎተራዬ ውስጥ። ሰሜን፣ ሚዮ ከተማ አጠገብ ነው የምኖረው። በሰባ ሦስት ከአንድ ወጣት ገዛሁት።”

“የሸጠልዎት ወጣትስ?”

ቀና ብሎ አየኝ። “እኔ ምን አውቃለሁ? ካሊፎርኒያ እሄዳለሁ ያለኝ መሰለኝ። ለምን ጠየቁኝ?”

“ለፎርሙ ነው።”

የቢሮው ስልክ ከእሱ ክንድ አጠገብ ነበር። ሞባይሌ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው፤ ኮቴ ደግሞ እሱ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል። “ካርዱን ላምጣ፣ እዚህ ይጠብቁኝ” ብዬ ወደ ጓዳው ገባሁ። መስኮት የሌለው፣ ባለ አንድ በር ክፍል ነው። መሳቢያውን ስስብ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል በሩን በትከሻው ሞልቶት ቆሟል።

“ይሄን ሁሉ ካርድ ብቻሽን ነው የምትጠብቂው?”

እስካሁን “እርስዎ” ሲለኝ ነበር፤ አሁን “አንቺ” አለኝ።

“ባልደረባዬ አሁን ትደርሳለች።”

“እጅሽ ይንቀጠቀጣል።”

“ቁርስ ስላልበላሁ ነው። ስኳሬ ይወርዳል።”

“ሟች ሚስቴም እንደዚሁ ያደርጋት ነበር።” ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ዘረጋልኝ። “እንኪ፣ እዚሁ ወድቀሽ ጉድ እንዳታደርጊኝ።”

ከእጁ ተቀብዬ ጎረስኩት። ጣዕም ይኑረው አይኑረው አላውቅም።

ካርዱን ሳወጣ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አነበበ። ትንፋሹ ጆሮዬን አሞቀው። “ስታንሊ ሴድላክ። አዎ፣ እሱ ነው፤ የፖላንዶቹ ልጅ።” ጠረጴዛዬ ላይ ባለው የስም ሰሌዳ የተጻፈው ሴድላክ ሳይሆን የባሌ ስም በመሆኑ በልቤ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ከዚያ ወፍራም ጣቱን ካርዱ ላይ አሳረፈ። “ይቺ ቀይ ምልክት ምንድን ናት?”

“ብርቅ ነው ማለት ነው” አልኩ። “በዚህ ቀለም የተሠራው ጥቂት ነው። ልጅዎ በርካሽ እንዳይሸጠው።”

ከካርዱ ወደ ፊቴ ቀና አለ። ከዚያ ሳቀ።

“አሮጌ ቆርቆሮ ነው እያለ ሲያሾፍብኝ ነው የኖረው! ቆይ ብቻ!”

ወደ ጠረጴዛው ስንመለስ ባዶ ፎርም ሰጠሁት። “ማስረጃው በፖስታ ነው የሚላከው። ስምዎን፣ አድራሻዎን፣ መኪናው ያለበትን ቦታ ይሙሉልኝ።”

“ግድ ነው?”

“ያለዚያ ማኅተም አይመታበትም።” እንዲህ ያለ ሕግ ኖሮን አያውቅም። እስክሪብቶውን ይዞ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን አየ። በመጨረሻ ጻፈ፤ ኦርቪል ጌንዝ ይባላል። ኮፍያውን ነካ አድርጎ ወጣ።

በሩን ቆልፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩን ሦስት ጊዜ ተሳስቼ ደወልኩ። በአራተኛው ያገኘሁት ፖሊስ፣ “እመቤት፣ ይረጋጉና ከመጀመሪያው ይንገሩኝ” አለኝ። እንዴት እንደነገርኩት አላስታውስም። ዶሪን መጥታ በሩን ስትደበድብ የጮህኩት ጩኸት ግን ታች ያለው ፀጉር ቤት ድረስ ተሰማ።

ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ከበራችን ፊት መኪና ሲቆም ባሌን መጋረጃ ገልጠህ እይ እለዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ፖሊሱ ደወለ። መኪናውን ጎተራው ውስጥ፣ በሸራ ተሸፍኖ አግኝተውታል። ጌንዝ አልተከራከረም። በዚያ ኖቬምበር ጭጋግ ውስጥ የተንቀሳቀሰውን አጋዘን ብሎ ተኮሰ፤ የመታው ግን ስታሽን ነበር። ረግረጋማ ቦታ ዳር ቀበረውና መኪናውን ደበቀ።

“ሌላም ነገር ብሏል” አለኝ ፖሊሱ እያመነታ። “እህቱ መሆንዎን ከመልክዎ አውቄያለሁ ነው የሚለው። ከእናንተ ከወጣ በኋላ ከሕንፃው ፊት መኪናው ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀምጧል። ጠመንጃ ነበረው። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ።”

ስታሽን በረዶው ቀልጦ ምድሩ ሲለሰልስ አወጡት። በሜይ ወር ከእናቴ ጎን ቀበርነው።

በበጋው ጌንዝን እስር ቤት ሄጄ አየሁት። ባሌ አትሂጂ ብሎኝ ነበር። ከሚለየን መስታወት ወዲያ ተቀምጦ የመነጋገሪያውን ስልክ ሲያነሳ ትከሻው ያ በሩን የሞላው ትከሻ አይመስልም፤ እኔ ግን አሁንም ላብ አጠመቀኝ።

“ወዲያው ነው የሞተው?” አልኩት።

“አይደለም። ውሃ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሰው ልጥራ አልጥራ እያልኩ፣ እሱ ሦስት ሰዓት ያህል በሕይወት ቆየ።”

“መጥራት ትችል ነበር?”

“እችል ነበር። ፈራሁ።”

ፍርሃት ምን እንደሚያደርግ ያን ማክሰኞ እኔም አይቼዋለሁ፤ ይህንኑ ልነግረው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን እንዲህ ብዬ ላቀልለት አልፈለግሁም። የስልኩን እጀታ መልሼ ሰቀልኩትና ወጣሁ።