ሰማንያ አምስት ሜትር ወደ ኋላ

ሰኞ ራት ላይ ብቻ ሚጡ «እቴቴ እንዲህ አለች፣ እቴቴ እንዲያ አለች» ያለችው አሥራ አንድ ጊዜ ነው። አያቷ ከጠረጴዛው ሥር ጣቷን እያጠፈች ቆጥራለች። ጣት ሲያልቅባት አሥራ አንደኛውን በሆዷ ያዘችው።

«ይቺ እቴቴሽ አይደክማትም?» አለች፣ ሳህኑን ወደ ልጅቷ እየገፋች። «ቀኑን ሙሉ ስታወራ ሥራውን ማን ይሠራላታል?»

«እሷ ናታ! እያወራች ነው የምትሠራው። ብትቀርቢያት ትወጃታለሽ እምዬ።»

«አንድ ግቢ ነው የምንውለው፣ ከዚህ በላይ የት ልቅረባት? ይልቅ ብዪ፣ ጉንጭሽ ገብቷል። ቆብሽንም ዛሬ ጥለሽው ወጣሽ። ፀሐይ መትቶሽ ብትወድቂ እሷ ናት ውሃ የምታቀብልሽ?»

«አዎ፣ ኮዳዋን ሰጥታኛለች» አለች ሚጡ፣ አፏ ሙሉ እንደሆነ።

«ኮዳዋን? አፏን ያስነካችውን?»

ሚጡ ሳቀች። አያቷ ግን አልሳቀችም። ያን ሌሊት አንድ ጎኗ እስኪደነዝዝ ተኝታ ያሰበችው ስለ ኮዳው ነበር።

ሚጡን ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። እናትየው ለሥራ ራቅ ወዳለ ከተማ ሄዳ እዚያው ቀረች፤ ልጅቷ ስታተኩስ ግንባሯን የዳሰሰች፣ ከትምህርት ቤት ስትዘገይ በር ላይ የተገተረች አያቷ ናት። ስለዚህ ሚጡ የቴሌኮም ትምህርቷን ጨርሳ አያቷ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ያውም በኬብል ፍተሻ ክፍል፣ ለስድስት ወር ሙከራ ስትቀጠር አሮጊቷ ደስታዋን መያዝ አቃታት። ከጎኗ ወንበር ጠርጋ ጠበቀች። አለቃው ግን ልጅቷን ወስዶ ባለመብራቷ ሥር አስቀመጣት።

ባለመብራቷ ማለት ሚጡ እቴቴ የምትላት ናት። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣለች፣ ሳቋ ከአጥር ውጪ ይሰማል፣ ጫማዋ ደግሞ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። (ጉድጓድ የሚገባ ሰው ጫማ እንዴት ሆኖ ነው የሚጸዳው? አያቲቱ ይሄን ሁለት ሦስቴ ሰው በተሰበሰበበት ጠይቃለች።) ቅጽል ስሙን ያወጣላት መሣሪያዋ ነው። ሻንጣ የምታክል ሣጥን ናት፤ በፋይበሩ፣ በዚያ እንደ ፀጉር በቀጠነ የብርጭቆ ክር፣ ውስጥ መብራት ትልካለች፣ መስመሩ የተጎዳበት ቦታ ላይ መብራቱ ተመልሶ ይመጣል፣ መስታወቷም ላይ ብልሽቱ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ይጻፋል። ቁጭ ብለሽ፣ ሻይሽን እየጠጣሽ።

ባለደብተሯ የሚሏት ደግሞ አያቲቱን ነው። በመዳብ ሽቦው ዘመን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ድምፁ የት ላይ እንደሚጠፋ እየተከተለች በእግሯ ከተማውን ዞራዋለች። ፋይበር ሲዘረጋ ደግሞ ከዘርጊዎቹ ኋላ ኋላ እየሄደች በየማንሆሉ፣ ክዳን ባለው የኬብል ጉድጓድ ውስጥ፣ የሆነውን ሁሉ ሰማያዊ ደብተር ላይ ጻፈች። አሁን ጡረታዋ ስምንት ወር ስለቀረውና ጉልበቷም እንቢ ስላላት መዝገብ ቤት አስቀምጠዋታል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከዋናው ጣቢያ ወደ ላይኛው ሰፈር የሚሄደው መስመር ተቋረጠ። ባለመብራቷ የመስመሩን ሥዕል ጠቅልላ መዝገብ ቤት ገባች።

«እንደምን ዋሉ እማማ? አንድ ነገር ላስቸግርዎት። በዚህ መስመር ላይ ማንሆል ውስጥ የተተወ ትርፍ ጥቅል አለ እንዴ? ሥዕሉ ላይ ምንም የለም።»

መኖርስ ነበር። በሦስት ማንሆሎች ውስጥ፣ ነገ ቢበጠስ ለመቀጠያ ይሆናል ተብሎ፣ ኬብሉ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል፤ ሠላሳ፣ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ ሜትር። መሣሪያዋ የምትቆጥረው የኬብሉን ርዝመት ነው። መንገዱን አታይም፤ የተጠቀለለውንም እንደተዘረጋ አድርጋ ትቆጥረዋለች። ስለዚህ ጥቅሉን ያልቀነሰ ሰው ሰማንያ አምስት ሜትር አልፎ ይቆፍራል። ይሄን በዚያ ግቢ የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ደብተሩም ክርኗ ሥር ነበር።

«ሥዕሉ ምን ይላል?» አለች ባለደብተሯ ቀና ሳትል።

«አልኩዎት እኮ፣ ምንም አይልም።»

«እንግዲያ መሣሪያሽን ጠይቂያት። ሁሉን ታውቅ የለ?»

ባለመብራቷ ሥዕሉን ብብቷ ሥር ሸጎጠች። «እሺ እማማ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ወጣች። ባለደብተሯ ክርኗን ከደብተሩ ላይ ሳታነሳ ቆየች። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር ከቀመሰች ሰንብታለች። አንድ ጉድጓድ በከንቱ ትቆፍር። አንድ ብቻ። ሚጡም ቆማ ትይ፣ እቴቴዋ እንደ ሰው የምትሳሳት መሆኗን።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ የግቢው ዘበኛ ብቅ አለ።

«ሰሙ እማማ? እነ ባለመብራቷ ሁለት ጉድጓድ ቆፍረው ባዶ ሆነባቸው አሉ። አለቃውም እየነደደ ሄዷል።»

«ውይ፣ ምነው?» አለች ባለደብተሯ። ጃንጥላዋን አነሳች። በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰችና ለእንግዳ ቀን የምታስቀምጠውን ሻርፕ ከመሳቢያ አውጥታ አንገቷ ላይ ጣል አደረገች።

ቦታው ከልብስ ሰፊው ሱቅ ፊት ለፊት ነው። አስፋልቱ ዳር ሁለት ጉድጓድ አፉን ከፍቷል፣ አፈሩ እስከ ሱቁ ደፍ ተከምሯል፣ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ «ደንበኛዬ በየት ይግባ? ክንፍ ላብቅልለት?» እያለ ይጮኻል። ባለደብተሯ ጃንጥላዋን ዘቅዘቅ አድርጋ በሰው መሐል አጮለቀች። ባለመብራቷ መሣሪያዋን አቅፋ ቆማለች። እሰይ፣ ጫማዋ ጭቃ ነክቶታል።

ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ተመለከተች። ውስጡ ወገቧ ድረስ የገባችው፣ ፊቷ በአቧራ የነጣው፣ ያለ ቆብ፣ ያለ ጓንት በእጇ አፈር የምትጭረው ሚጡ ናት።

«ልጄን ምን አስገባት እዚያ?» አለች፣ አጠገቧ አካፋውን ተደግፎ ወደቆመው ቆፋሪ ዞራ።

«እልህ ይዟት ነዋ» አለ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቦታውን ለክታ ምልክት ያደረገችው እሷ ናት። የሙከራ ጊዜዋ ነገ ያልቃል አይደል? ያቺኛዋ ናት ሥራውን የሰጠቻት፣ ብቻዋን ያገኘችው ብልሽት ይመዝገብላት፣ ቋሚ ያደርጓታል ብላ። ይኸው አልሆነም።»

ባለደብተሯ ክው አለች። ለሌላ ሰው የቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ የገባችው የገዛ ልጇ ናት። ጃንጥላውን አጥፋ መሬት ተክላ ተደገፈችው።

አለቃው ከወዲያ በኩል መጣ። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል።

«እኔ አንድ ነገር ብቻ ልወቅ» አለ። «ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥር ሜትር ብሎ እዚህ ጋ ምልክት ያደረገው ማነው? መስመር ከተቋረጠበት ሆስፒታል ሦስት ጊዜ ደውለውልኛል። ሥራውን የማይችል ሰው ከሆነ ዛሬውኑ ይታወቅ።»

ሚጡ ከጉድጓዱ ቀና አለች። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አያቷ አየች፤ በአራት ዓመቷም እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ግን ልጅቷ ቃል ሳታወጣ ባለመብራቷ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ምልክቱን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ ያልኳትን ነው የሠራችው።»

ሚጡ ዘወር ብላ አየቻት። አቤት ያ አስተያየት! ባለደብተሯ ሃያ ዓመት ሙሉ ስታሳድጋት እንደዚያ ታይታ ታውቅ እንደሆነ አሰበች። ኮዳዋን ሰጠቻት፣ እሺ። ምሳዋን አካፈለቻት፣ እሺ። ሥራ አስተማረቻት፣ ይሁን። አሁን ደግሞ ለልጄ ጥፋት ልትሸከምላት? ለሚጡ መዋሸት፣ ለሚጡ መሰደብ፣ ይሄ የማን ሥራ ነበረ? ማን ፈቀደላት?

«ውሸቷን ነው!» ብላ ጮኸች።

ሰው ሁሉ ዞረ። ልብስ ሰፊው እንኳ አፈሩ ላይ ወጥቶ አየ።

«ውሸቷን ነው። እሷ ምን ቤት ናትና የኔን ልጅ ጥፋት የምትወስደው? ጥፋቱ የኔ ነው። የራሴ! ከማንም ጋር አልካፈለውም።» ሻርፗ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ግድ አልሰጣትም። «መሣሪያዋም አልተሳሳተችም፣ ልጅቷም አልተሳሳተችም። በዚህ መስመር ሦስት ማንሆል ውስጥ ትርፍ ጥቅል አለ። በጠቅላላ ሰማንያ አምስት ሜትር። ያን ያህል ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ቆፍሩ።»

«ታዲያ ይሄንን ለምን አልነገሩንም እማማ?» አለ አለቃው።

«አልነገርኩማ።»

«ረስተው ነው?»

መውጫውን እሱ ራሱ ከፍቶላት ነበር። አዎ፣ እርጅና ነው ብትል ማን ይጠይቃታል? ግን ሚጡ እያየቻት ነው።

«አልረሳሁም» አለች። «ትናንት መጥታ ጠየቀችኝ። ከለከልኳት። በሰው ፊት ኩም ስትል ላያት ፈልጌ ነው።»

አለቃው ግንባሩን ጠረገ። ሊቆጣ ነው ሲባል «ጉድ እኮ ነው» ብቻ ብሎ ቆፋሪዎቹን ወደ ኋላ ነዳቸው። ሚጡ ከጉድጓዱ ወጣች። ርቀት የምትለካበትን ባለጎማ መለኪያ አንስታ ወደመጣችበት እየገፋች ሄደች፤ በአያቷ አጠገብ ስታልፍ ቆም አለች።

«ጠይቃሽ ነበር?»

«ጠይቃኝ ነበር።»

«ደብተሩ እጅሽ ላይ ሆኖ?»

«ክርኔ ሥር ነበር። አንቺ እንደምትለኪው አላወቅሁም ሚጡዬ፣ አፈር ስሆን...»

«እኔ ባልሆንስ?»

መለኪያው ቂው ቂው እያለ ራቀ።

ሰማንያ አምስተኛው ሜትር ከአንድ መድኃኒት ቤት ፊት ለፊት አረፈ። እዚያ አዲስ የብረት ማስታወቂያ ቆሟል፤ ሲሚንቶው ገና በደንብ አልደረቀም። ብዙ መቆፈርም አላስፈለገ። የብረቱ እግር የኬብሉን ቧንቧ ሰንጥቆ ገብቶ፣ ውስጡ ያለውን ፋይበር እንደ ሣር አጥፎታል። ሚጡ ተንበርክካ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ ጮኸች። ባለመብራቷም ጮኸች። ቆፋሪዎቹ አጨበጨቡ። ባለደብተሯ ጃንጥላዋን እንደተደገፈች ራቅ ብላ ቆማ ነበር፤ በግማሽ የተነሳ እጇን ወደ ጃንጥላው መለሰች።

መስመሩ ተቀጥሎ፣ በመሣሪያዋ መስታወት ላይ የመብራቱ መስመር ያለ ስንጥቅ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ከሰዓት ሆኖ ነበር። አለቃው ለሚጡ «ቦታውን ያገኘሽው አንቺ ነሽ፤ ልኬትሽም ልክ ነበር። እንደዚያ ብዬ እጽፋለሁ፣ ነገ የቋሚ ቅጥር ፎርምሽን ይዘሽ ነይ» አላት። ለባለደብተሯ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል አለ። በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያዋ ነበር። «ይጻፍ» አለች፤ ጆሮዋ ግን የሚጡ ፎርም ላይ ነበር።

ባለመብራቷ መሣሪያዋን መያዣዋ ውስጥ ከትታ ቀረበቻት።

«እማማ፣ ነገ ማንሆሎቹን አንድ በአንድ አብረን ብንዞርስ? እርስዎ ጥቅሉን ይነግሩናል፣ ሚጡ ሥዕሉ ላይ ታስገባዋለች። አለበለዚያ ነገም ሌላ ሰው እንዲሁ ይቆፍራል።»

ስድብ ብትሰድባት ይሻል ነበር።

«እኔና ልጄ እንበቃለን» አለች። «አንቺ አትመጪም።»

ሚጡ መለኪያውን እያጣጠፈች ነበር። ቀና ሳትል «እሷ ካልመጣች እኔም የለሁበትም» አለች።

ባለደብተሯ ልጅቷን አየቻት። አቧራው ላይ የላብ መስመር ወርዷል፤ ቀልድ ፊቷ ላይ የለም። አሁን እንቢ ብትል የምታጣው የአንድ ቀን ዙረት አይደለም።

«ትምጣ» አለች በመጨረሻ። «ግን ቁጥሩን የምናገረው ላንቺ ነው። አንቺ ደግሞ ትነግሪያታለሽ።»

«እምዬ!»

«እሺ፣ እሺ! ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ የሰማ ይስማ።»

ባለመብራቷ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ፊቷን አዞረች። ሚጡ ግን አልሳቀችም። መጥታ አያቷን ክርኗን ያዘችና በጉድጓዱ ዳር በተጋደመው ጣውላ ላይ አሻገረቻት፤ ከተሻገሩም በኋላ አልለቀቀቻትም። በሌላ እጇ የባለመብራቷን መሣሪያ ይዛለች። ባለደብተሯ የትኛው እጅ ለማን እንደደረሰ አየች። መሣሪያው በቀኝ ነው። «ቀኙ ለሷ ሆነ?» ልትል አፏ ላይ መጣ፤ ዋጠችውና በግራው እጅ ተይዛ ወደ መሥሪያ ቤቱ መኪና ሄደች።