ሦስት ጊዜ ማንኳኳት

የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አዲስ ማሽን ሲገባለት አሠልጣኟ እኔ ነበርኩ። ሠራተኞቹ አጠቃቀሙን በሁለት ቀን ለቀም አደረጉት። አንድ አመል ግን አልለቅ አላቸው፤ ማሽኑን ከማስነሳታቸው በፊት በሩን ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አልኩ ደሜ ፈልቶ።

«ድሮ አንድ ጓደኛችን አሮጌው ማሽን ውስጥ ገብቶ ሲጠርግ፣ ሳናውቅ አስነሳንበትና ሞተ» አሉኝ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው የክፍሉ አንጋፋ ሠራተኛ። «ከዚያ ወዲህ ሳናንኳኳ አናስነሳም።»

«አሮጌው እኮ ተነቅሎ ሄዷል! ይሄኛው ውስጡ ሰው ካለ አውቆ እምቢ ይላል። በቃ፣ ማንኳኳት ከዛሬ ጀምሮ ቀረ!»

እሺ አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ ማንም አላንኳኳም፤ ሥራውም እንደ ውሃ ፈሰሰ። አርብ ከሰዓት «ለውጡን ሁሉም ለምዶታል» ብዬ ሪፖርቴን ስጽፍ ማሽኑ ቀጥ አለ። ስክሪኑ ላይ «ውስጥ ሰው አለ» የሚል ጽሑፍ በራ። በሩን ከፍቼ አየሁ፤ ከእርጥብ አንሶላ በቀር ምንም የለም። መልሼ ዘጋሁት።

ወዲያው ከውስጥ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

እትዬ ሽርጣቸውን እያስተካከሉ ትክ ብለው አዩኝ።

«እኛስ ለምደናል፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «እስቲ እሱን ደግሞ አሠልጥኚልን።»