የጉባ ምሽት

ክልከላውን ለምእመናኑ ያነበበው የማኅበሩ አስተማሪ ኢዶሳ ራሱ ነበር። እሑድ ዕለት ዝናቡ የጸሎት ቤቱን ቆርቆሮ እየደበደበ ድምፁን ሊውጠው ሲታገል፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው። በመስቀል ዋዜማ ችቦ የለኮሰ፣ በጉባ እሳት ዙሪያ የዞረ የማኅበሩ አባል ለአንድ ዓመት ከጌታ እራት ይታገዳል፤ አስተማሪ ወይም ሰባኪ ከሆነ ደግሞ ከሥራው ይሰናበታል። ጉባ፣ ወንጌል ወለጋ ከመግባቱ በፊት የነበረ የአሕዛብ እሳት ነውና። አንብቦ ሲጨርስ ከሴቶቹ ወገን አንዲት አሮጊት «እኛስ ለመስቀሉ መስሎን» ስትል ተሰማች። ኢዶሳ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

በዋዜማው ቀን ጠዋት ነቀምቴ ገበያ የወጣ አንድ የአገሩ ሰው ትምህርት ቤቱ በር ድረስ መጥቶ አስጠራው። አባቱ ኦቦ ጨመዳ ከተኙ ሳምንት አልፏቸዋል፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ይድረስልኝ ብለዋል። ሰውዬው ሌላ አልጨመረም። መጨመርም አላስፈለገውም። በጨመዳ ግቢ የጉባን እሳት የሚለኩሰው የቤቱ ወንድ ነው። ታናሽ ወንድሙ ደረሳ ካቻምና በወባ ሞቷል። አባቱ ከአልጋ መነሣት ካቃታቸው፣ የቀረው ወንድ እሱ ብቻ ነው።

ተማሪዎቹን አሰናብቶ ቡርቃ ጃቶ የሚባለውን ሰፈር ሳያልፍ ኩማ ከኋላ ደረሰበት። ኩማ የማኅበሩ ሽማግሌ ነው፤ የጸሎት ቤቱን አግዳሚ ወንበሮች በገዛ እጁ የሠራ፣ ብዙ የማይናገር አናጢ። አማቶቹ ዘንድ ሊሄድ ነበርና መንገዳቸው አንድ ሆነ። ክልከላው እንዲወጣ ያሳሰበው እሱ እንደ ነበር ኢዶሳ ያውቃል፤ ምክንያቱንም ያውቃል። ኩማ ልጅ ሳለ እናቱ ለታመመ ልጇ ስትል ሁለት ላሞቿን ለቃልቻ ነድታ ሰጥታ ነበር። ልጁም አልተረፈ፤ ላሞቹም አልተመለሱ። የዚያን ዓመት ቤታቸው ወተት የሚባል አልታየም።

ቀዩ ጭቃ እግራቸውን እየያዘ፣ ግራና ቀኙን ቢጫ አበባ በሞላው መንገድ ብዙ ሰዓት ተጓዙ። በየማሳው ዳር ሰዎች ጭራሮና ደረቅ ቀርከሃ ተሸክመው ያልፋሉ። «ነገያ፣ ነገያ» እያሉ ሰላምታ በሰጧቸው ቁጥር ኢዶሳ ዓይኑን ከሸክሙ ላይ ያነሣ ነበር።

መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ኩማ ቆመ። ማታ ሲመለስ አባቱን ሊጠይቅ ጎራ እንደሚል ነገረው። ይህን ሲል ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም። ኢዶሳን ያስጨነቀውም ይኸው ነበር።

ብቻውን ሲቀር መጽሐፉ ትዝ አለው። ከሦስት ሳምንት በፊት ከፈረንጁ ቄስ መደርደሪያ ላይ አንድ አሮጌ የታሪክ መጽሐፍ ተውሶ ነበር። በውስጡ ፈረንጆቹ ልደትን የሚያከብሩበት ቀን ድሮ በሮም የፀሐይ በዓል እንደ ነበረ ተጽፏል። ገጹን ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ መጽሐፉን ይዞ ቄሱ ዘንድ ሄደ፤ በየዓመቱ በቄሱ ቤት ሻማ እየተተከለበት ስለሚቆመው ጽድም ጠየቀ። ቄሱ አልተቆጣም። መነጽሩን አውልቆ በዚያ በተሰባበረ ኦሮምኛው፣ ዛፉን ማንም እንደማያመልከው፣ ጌታ የአሕዛብን ቀን ወስዶ የራሱ እንዳደረገው በትዕግሥት አስረዳው። ታዲያ ለሮማውያኑ የተፈቀደው ለእኛ ለምን ተከለከለ ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። አላለም። አመስግኖ ወጣ። እሑድም ወረቀቱን አነበበ። 

ግቢ ሲደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። የደረሳ ሚስት ድርቤ በመሐል ግቢው ደመራውን ደምራ ጨርሳ፣ የተረፉትን ችቦዎች አጥሩ ላይ አስደግፋ ቆማለች። እንደ ወጉ እጁን ስማ ስለ ልጆቹ ጠየቀችው፤ ስለ እሳቱ ምንም ሳትል ወደ ውስጥ አስገባችው።

አባቱ መደብ ላይ ተጋድመዋል። ፊታቸው አንሷል፤ ዓይናቸው ላይ የወጣው ሞራ ነጭ ሆኗል። የጨመዳ ክርስትና ለመንደሩ መሳቂያ ነበር፤ በወጣትነታቸው የኦርቶዶክስ ቄሶች ሰዉን ወንዝ ዳር አሰልፈው ሲያጠምቁ፣ እሳቸው የቆሙበት ረድፍ በሙሉ ገብረኪዳን ተባለ። አንድ ሰው ገብረኪዳን ብሎ ሲጣራ ዐሥራ ሰባት ሰው አቤት ይል ነበር እያሉ እሳቸውም ይስቁ ነበር። ዛሬ አልሳቁም።

ኢዶሳ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ከሳመ በኋላ መሸሸግ አልሆነለትም። የማኅበሩን ውሳኔ፣ ያነበበውም እሱ እንደ ሆነ፣ እሳቱን ከለኮሰ ሥራውንም የሚኖርበትንም ቤት እንደሚያጣ ነገራቸው። ሚስቱና አራት ልጆቹ በዚያ ደመወዝ እንደሚኖሩም ጨመረ። አባቱ እስኪጨርስ አዳመጡት።

«ቄሶቹ መጥተው የመስቀል ነው አሉን፤ እሺ አልን» አሉ። «እናንተ ደግሞ የሰይጣን ነው አላችሁ። ለምን እንደምናነደው ግን እስከ ዛሬ የጠየቀን የለም።»

«ለምንድን ነው፣ አባ?»

«ወንዙ ከሰኔ ጀምሮ ይሞላል። ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ ማዶና ማዶ ሆነን አንተዋወቅም። ክረምቱ ሲወጣ እሳት እናነዳለን። እኛ ደርሰናል፣ እናንተስ እንደ ማለት ነው። ላደረሰን ዋቃም ምስጋና ነው። ያ ዋቃ የእናንተው ይሁን ሌላ፣ የተማርከው አንተ ነህና አንተ ታውቃለህ።» ትንፋሽ አጠራቸው። ከዚያ የልጁን እጅ ፈልገው ያዙ። «እህትህ ወርቂቱ በሰኔ ወደ ባሏ ቤት ስትሻገር ሆዷ ገፍቶ ነበር። መታመሜን ሰምታለች። ዛሬ ግቢያችን ከጨለመ፣ አባቴ ሞተ ብላ ወንዙ ውስጥ ትገባለች። ጠባይዋን ታውቃለህ።»

ያውቃል። ወርቂቱ በዐሥራ ሁለት ዓመቷ ጎርፍ የወሰደባትን ጥጃ ተከትላ የገባች ልጅ ናት።

ወደ ደጅ ወጣ። ሰማዩ ቀልቶ ሊጠቁር ነው። ሳይመሽ ሰው ልኮ መልእክት ማድረስ ይቻል እንደሆነ ድርቤን ጠየቃት። ከላይ ባለው መሻገሪያ ዞሮ እዚያ ለመድረስ ግማሽ ቀን እንደሚፈጅ ነገረችው። ደመራውን አንድ ጊዜ ዞረው፤ እየዞረ መሆኑን ሲያውቅ ደንግጦ ቆመ። መጸለይ ፈለገ። የተማረውን ጸሎት ጀምሮ ተወው፤ አባቱ በልጅነቱ እዚህ ቦታ ቆመው ይሉት የነበረውን ምርቃት ጀምሮ እሱንም ተወው። ከምድጃው የጫረውን እሳት በገለባ ይዞ ተጠጋና ከሥሩ ለኮሰው። ጭራሮው ለአፍታ ጨሰ፤ ከዚያ ድንገት ተንጣጥቶ ነደደ።

ድርቤና እሱ አባቱን በጋቢ ጠቅልለው ደጃፉ ላይ አስቀመጧቸው። ኢዶሳ ከእሳቱ ቀና ሲል ኩማ ከአጥሩ በር ላይ ቆሟል። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። መቼ እንደ መጣ አልታወቀም። ማየት ያለበትን ሁሉ አይቷል። በኢዶሳ ዓይን ላይ የልጆቹ ፊት በየተራ መጣ፤ የታናሿ ላይ ሲደርስ ጭንቅላቱን አዞረ። ኩማም አልገባም፤ አልሄደምም።

ያኔ ማዶው መብራት ጀመረ። አንድ እሳት ከሸንተረሩ ጫፍ፣ ሁለተኛው ከሥሩ፣ ከዚያም በየቦታው። ድርቤ ለዓይነ ሥውሩ ሽማግሌ ትቆጥርላቸው ጀመር፤ ይኼ የእነ ሞረዳ፣ ይኼ የእነ አዱኛ፣ ያ ከዋርካው ሥር ያለው የድንቅነሽ ልጆች። ሽማግሌው በእያንዳንዱ ስም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ መቁጠሯን አቆመች።

«የወርቂቱስ?» አሉ።

በእነ አዱኛና በዋርካው መሐል ጨለማ ነው። ድርቤ ኢዶሳን አየችው።

«ገና ነው፣ አባ» አለ።

ጠበቁ። የማዶዎቹ እሳቶች ከፍ ብለው ነደዱ፣ ሰፉ፣ አንዳንዶቹም ዝቅ ማለት ጀመሩ። የመሐሉ ጨለማ እንዳለ ነው። ሽማግሌው በእጃቸው የጋቢውን ጫፍ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

ኩማ ከአጥሩ በር ገብቶ ከኢዶሳ ጎን ቆመ።

«የእህትህ ቤት የትኛው ነው?»

ኢዶሳ ጨለማውን አሳየው። ኩማ ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ባሏ ለመለኮስ የሚሰንፍ ሰው እንደ ሆነ ጠየቀ፤ አይደለም አለው። የመውለጃዋ ቀን መቼ እንደ ነበረ ጠየቀ። ድርቤ ከኋላ ሆና ነሐሴ አለች።

«ታች በመልካው፣ ሰው በእግሩ በሚሻገርበት፣ ወንዙ ዛሬ ጎድሎ ወገብ ድረስ ሆኗል ብለው አማቶቼ ነግረውኛል» አለ ኩማ። «በብርሃን ከሆነ ሰው ይሻገረዋል።»

ባርኔጣውን ደፋ። ወደ አጥሩ ሄዶ ከችቦዎቹ ሁለት መረጠ፤ አንዱን ለኢዶሳ ሰጠው። በእጁ የቀረውን ይዞ ወደ እሳቱ ሲቀርብ ክንዱ መሐል ላይ ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለ ግን አልተሰማም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ለኮሰ።

«ሂዱ» አሉ ሽማግሌው ከደጃፉ።

ቁልቁለቱን እየተንሸራተቱ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እየያዘው ወረዱ። ከታች የውኃው ድምፅ ከሚታየው በላይ ገዘፈ። ካፊያ ጀምሯል፤ ችቦዎቹ ይንሾካሾካሉ። ኩማ ጫማውን አውልቆ ዳር ላይ አስቀመጠና እግሩን አስገብቶ ድንጋዩን ፈተነ።

«አስቀድመህ ጥራት» አለ። «ወንዙ ዳር ደርሳ ከሆነ ድምፅህን ታውቀዋለች።»

ኢዶሳ ተከትሎት ውኃው ውስጥ ገባና ችቦውን ወደ ላይ ይዞ በሙሉ ጉሮሮው ተጣራ። ስሟ በውኃው ላይ ሄዶ ማዶ ያለውን ገደል መታና ተመለሰ። ደግሞ ተጣራ። ከወንዙ ባሻገር ከቁጥቋጦው ውስጥ አንድ ነገር መለሰ፤ ቀጭን፣ አጭር ድምፅ፣ የሰው ይሁን የወፍ የማይለይ። ኩማ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘው። ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው አዳመጡ።