ጀልባው የተሸጠ ዕለት

ጀልባውን ሊያዩ የመጡት ባልና ሚስት ስለ ጀልባ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ብቻ ነበር። ባልየው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሚስቱ ነርስ ናት። ፀጉር አስተካካዩ ግቢው ውስጥ እንደገባ ጀልባውን አንድ ጊዜ ዞረው፣ ቀለሙን በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና አረንጓዴ መሆኑ ቅር እንዳሰኘው ተናገረ። ሰውየው ዓሣ ሊያጠምድበት ነው ወይስ ሊሞሸርበት? ሚስቱ በክርኗ ጎሰም አደረገችው።

ሻጯ ልብስ ሰፊ ናት። ጀልባው የባሏ ነበር። ባሏ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው ቧንቧ ሲጠግን ይሰነብትና ቅዳሜ ሲደርስ ጀልባውን በተሳቢ ከመኪናው ኋላ አስሮ ወደ ሐይቁ ይወርድ ነበር። ከስምንት ወር በፊት፣ በአንዱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁልቁለቱ ላይ ተሳቢው መወዛወዝ ጀመረ፤ መኪናውን ይዞት ከመንገድ ወጣ፤ ባሏ እዚያው ቀረ። ጀልባው ከተሳቢው ተፈናጥሮ ሣር ላይ ተጋድሞ ተገኘ፤ ጎኑ ከመፋቁ በቀር ምንም አልሆነም። ሰው አልፎ እንጨት ሲተርፍ ያናድዳል።

የስፌት ቤቷ በር ላይ በርጩማ አስጠግተው፣ የደንበኛ ሸሚዝ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ቁልፍ የሚተክሉት ሽማግሌ አማቷ፣ የባሏ አባት ናቸው። የሰፈሩ ሰው «ቀስ በቀስ» ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ከነተሳቢው ሲነዱ አንድ ቀን ገልብጠው አያውቁም፤ ዘንድሮ የጫኑትን ለከርሞ ያደርሳሉ እየተባለ ተቀልዶባቸዋል፣ ያደረሱት ዕቃ ተሰብሮ ግን አያውቅም። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ የሚኖሩት ከእሷ ጋር ነው። መጀመሪያ ክር መጠቅለል፣ ከዚያ ቁልፍ መትከል፣ አሁን አሁን መዘምዘምም ጀምረዋል። እሷ ልጅ አልወለደችም፤ እናት አባቷም ካለፉ ቆይተዋል። በሩ ሲንኳኳ ከውስጥ «ማነው?» የሚልላት ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው። ልጄ ነው የሚሏት።

አንድ ነገራቸው ግን እንደ እሾህ ይወጋታል። የልጃቸው ነገር በተነሣ ቁጥር የሚሉት አንድ ነው፤ እግሩ ነው የገደለው። ትራፊክ ፖሊሱ ወረቀቱ ላይ ፍጥነት ብሎ ጽፏል፤ እሳቸውም ያንን ይዘው ቀሩ። በቀብሩ ዕለት፣ አፈሩ ሳይመለስ፣ ስንት ጊዜ ነገርኩህ ብለው ጉድጓዱ ላይ ጮኹ፤ ሰው ደግፎ አወጣቸው። ከዚያ ወዲያ መቃብሩ ጋ ደርሰው አያውቁም። አላለቀሱምም። ንዴት እንባ እንደሚያደርቅ እሷ ያየችው በእሳቸው ነው።

እሷ የምታውቀው ሌላ ነው። ያን ቅዳሜ ባሏ ተሳቢው ጎማ ሥር ተንበርክኮ ኩሽኔታውን ግራሶ ሲቀባ፣ ዕቃውን እንድትጭንለት ለመናት። ሌላ ቀን የሚጭነው ራሱ ነበር። እሷ ደግሞ እስከ ስድስት ሰዓት የምታስረክበው ሙሉ ልብስ ነበረባት፤ እጅጌው እንኳ አልተገጠመም። የጀልባው አፍንጫ ከፍ ያለ ነው፣ ክንዷ አይደርስም፤ ኋላው ዝቅ ይላል። ሁለቱን ጀሪካን ቤንዚን፣ መልህቁን፣ የበረዶ ሣጥኑን፣ መረቡን፣ ሁሉንም ኋላ፣ ሞተሩ ሥር ደርድራ ወደ ስፌት መኪናዋ ሮጠች። ባሏም ሳያይ ሸራውን አልብሶ አሰረው። የጫነችው ሚስቱ ናት፤ ምን ብሎ ይፈትሻል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችው ግን የሚለቀም አልነበረም።

ይህንን ያወቀችው በኋላ ነው፣ ጀልባውን የጠገነው አናጢ ጭነቱ የት እንደነበር ሲጠይቃት። ስትነግረው ራሱን ነቀነቀ። ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ሚዛን ነው አላት። ኋላው ከከበደ ፊቱ የመኪናውን ኋላ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ጎማው መሬት መጨበጥ ያቅተዋል፤ ቁልቁለት ላይ ትንሽ ነፋስ ሲያገኘው ጅራቱን መቁላት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ደንግጦ ፍሬን የረገጠ ሰው አለቀለት። ማን እንደጫነው አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችው። ዝም አይነቅዝም ብላ፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ቤቷ ገባች። ይኸው ስምንት ወር፣ ሽማግሌው ልጃቸውን ሲወቅሱ እሷ ቁልፍ ታቀብላለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

ለገዢዎቹ ግን ከዚህ ከአንዱ በቀር የደበቀችው አልነበረም። ባሏ ሲያወራ፣ እሷ ስትሰፋ፣ ስትሰማ የኖረችውን ሁሉ ዘረገፈችላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ዓይኑ ትልቅ ላይ ያርፋል፤ እናንተ ግን ሁለታችሁ ብቻችሁን ከተሳቢ ላይ ማውረድ የምትችሉትን ግዙ አለቻቸው። ቀለም ያታልላል፤ ሥሩ ግቡና እንጨቱን በጥፍራችሁ ተጫኑት፣ ጥፍር ከገባ በስብሷል። ሞተሩን ደግሞ ከመነሣቱ በፊት በእጃችሁ ንኩት፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ጠዋት ጠዋት የሚለግም ሞተር ነው ማለት ነው። ነርሷ ወዲያው መዳፏን ሞተሩ ላይ አሳረፈች። ቀዝቃዛ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅ አለች።

ከሥሩ ያለችውን የውሃ መውጫ ቡሽም አሳየቻቸው። ሐይቅ ከመግባታችሁ በፊት ይህችን ድፈኑ፤ የማይረሳት የለም አለች። ባሏ በመጀመሪያው ቀን ረስቷት፣ ጀልባው እየጠጣ እየጠጣ ከሥሩ ሲሰጥም፣ ሰውየው ከነጫማው ዋኝቶ ነው የወጣው።  ፀጉር አስተካካዩ የተጠገነውን ጎን አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቃት፤ ነገረችው። አንገቱን ደፍቶ «ነፍስ ይማር» አለ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቀለሙ አላነሣም።

ተስማሙ። ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስቱ ተሳቢ የሚሰካበት ጋንቾ ያለውን የባልየውን ወንድም መኪና ተውሰው ተመለሱ። ዛሬውኑ ወደ ሐይቁ ሊወርዱ ነው። ዕቃቸውም ሁሉ አዲስ ነው፤ ሁለት ጀሪካን ቤንዚን፣ መልህቅ፣ የሚታጠፍ ወንበር ሁለት፣ ገና ክዳኑ ያልተከፈተ የበረዶ ሣጥን። ጀልባው የተቀመጠበት ተሳቢም አዲስ ነው፤ የድሮው ተቆልምሞ ተጥሏል። ነርሷ ገቢና ገብታ ተቀመጠች። ፀጉር አስተካካዩ እያፏጨ ዕቃውን መጫን ጀመረ። የጀልባው ኋላ ዝቅ ያለ ነው። አንዱን ጀሪካን እዚያ አስቀመጠ፣ ሁለተኛውን ከጎኑ፣ መልህቁን በላዩ፣ ሣጥኑን አጠገቡ።

ልብስ ሰፊዋ ራሷን ከሩቅ ያየች መሰላት። ወደ ፊት አድርገው አለችው። ፀጉር አስተካካዩ ለምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ሐይቁ ጋ ሲደርሱ ለማውረድ ኋላው እንደሚቀለውም አስረዳት። እሷ ጀሪካኑን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ፣ ሽማግሌው መርፌያቸውን ሳያቆሙ ከበሩ ላይ ተናገሩ።

«ተዪው ልጄ፣ ጭነት የትም ቢሆን ጭነት ነው። ሰው የሚገድለው እግር ነው። የኔን ልጅ የገደለው እግሩ ነው።»

እሳቸው ሠላሳ ዓመት የጎተቱት ተሳቢ ፊትም ኋላም ጎማ ያለው፣ በራሱ የሚቆም ነው፤ የትም ቢጫን አያዘምምም። ባለ ሁለት ጎማ አንድ ቀን ጎትተው አያውቁም። አዋቂ ሲሳሳት ክፋቱ የሚያርመው ሰው አለማግኘቱ ነው። ፀጉር አስተካካዩም አባባ ካሉማ ብሎ ገመዱን አነሣ።

አሁን ምን ትበል? አናጢ ነግሮኛል ብትል ሽማግሌው በአናጢ ይስቃሉ። ዝም ብትል ያቺ ሞተር በመዳፏ የምትለካ ሴት ገቢና ውስጥ ተቀምጣለች፤ መንገዱም ያው ቁልቁለቱ ነው። ብትናገር ደግሞ ዛሬ ማታ ቤቱ ባዶ ነው። ፈራች። ከዚያ ገመዱን ከፀጉር አስተካካዩ እጅ ወሰደችው።

«ተሳቢውን ከፊት አንሣው እስቲ» አለችው።

ተሳቢው ገና ጋንቾው ላይ አልተሰካም፤ ፊቱ መቆሚያ ብረቱ ላይ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ለከባድ ነገር ተዘጋጅቶ ጎንበስ ሲል በሁለት ጣቱ ተነሣለት። ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ወደ በሩ ዞረች።

«አባባ፣ ያን ቀን ዕቃውን የጫንኩት እኔ ነኝ። ልክ እንደዚህ፣ ሁሉንም ኋላ። እሱ ጎማ ሥር ነበር፣ አላየም። እኔ ስለጫንኩት አምኖ ሄደ። ፈጥኖ አይደለም የሞተው።»

 ነርሷ ከገቢና ወርዳ የባሏን እጅጌ ያዘች። ሽማግሌው መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰክተው፣ ሸሚዙን በርጩማው ላይ አጣጥፈው ተነሡ። መጡ። ጎንበስ ብለው የተሳቢውን ፊት በአንድ ጣታቸው ወደ ላይ ገፋ አደረጉት። ተነሣ። አወረዱት። እንደገና አነሡት። ሠላሳ ዓመት የጎተቱ ሰው ጣታቸውን እያዩ ቆሙ።

«ና ያዝ» አሉት ፀጉር አስተካካዩን።

ጀሪካኖቹን፣ መልህቁን፣ ሣጥኑን አንድ በአንድ ወደ ፊት አሻገሩ። ሲጨርሱ ፊቱን እንደገና ሞከሩት፤ በሁለት እጅ በጭንቅ ነቅነቅ አለ። ያን ጊዜ እንዲሰካ አዘዙ። ሰንሰለቱን ራሳቸው አቆላልፈው አሰሩና ለፀጉር አስተካካዩ መንገዱን አስረዱት። ትንሽ እንደሄድክ ቁምና የጎማውን መሃል በእጅህ ዳሰው፤ እንደ በሽተኛ ግንባር የሚያቃጥል ከሆነ አትቀጥል። ጅራቱ ቢወዛወዝብህ እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሣ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ፍሬን ግን እንዳትነካ። ፍሬን እንዳትነካ የሚለውን ሦስት ጊዜ ተናገሩት።

መኪናው ከግቢ ወጣ። ተሳቢው ኋላ ኋላው ቀጥ ብሎ ተከተለው። ጥግ እስኪያጥፍ ድረስ ሁለቱም ቆመው አዩ።

ልብስ ሰፊዋ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ክንዷን ይዘው መለሷት። እጃቸው አልጠነከረባትም።

«ጭነቱን አልይዝብሽም» አሉ። «ዛሬ ባትናገሪ እኔም እዚያው ላስጭን ነበር። ስምንት ወር ግን ልጄን ስረግም አጠገቤ ተቀምጠሽ ቁልፍ ታቀብዪኝ ነበር።»

«ይሄዱብኛል ብዬ ነው አባባ። ሰው የለኝም።»

«እኔስ ማን ነበረኝ? የሞተው ሞተ፤ የቀረችኝን ፍቅሩን እንኳ አስጣልሽኝ።»

 እሳቸው ወደ ቤት ገብተው ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ሻንጣ አልያዙም፤ ይመለሱ አይመለሱ አልተናገሩም፣ እሷም ለመጠየቅ አልደፈረችም። የግቢውን በር ከፍተው ጀርባቸውን እንደሰጧት ቆሙ።

«መቃብሩ የት ጋ ነው? ያን ቀን መንገዱን ልብ አላልኩትም።»

አብራቸው ልትሄድ ለመነቻቸው። እምቢ አሉ። ስለዚህ ነገረቻቸው፤ በታችኛው በር ገብተው ግራውን ይዘው እስከ ውሃ ቧንቧው፣ ከዚያ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከጫፉ አራተኛው። እንደ ሾፌር በከንፈራቸው ደገሙት።

«ድንጋይ ቆሞለታል?»

«ቆሞለታል።»

«ስሙ አለበት?»

«አለበት።»

በሩን እንደያዙ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«የአባቱስ?»

«ከስሙ ቀጥሎ አለ፣ አባባ» አለቻቸው።